በእትዬ የሺ ደጃፍ የቆመው ዳይኖሰር

«እትዬ፣ እግርዎን ቢያነሱልኝ። ዳይኖሰር ላይ ቆመዋል።»

ይህን ያለው ምናሉ ነው። የተባለችው አክስቴ የሺ ናት። የቆመችበት ደግሞ የገዛ ቤቷ የደፍ ድንጋይ ነው። እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሽምብራ ቆሎ እቆረጥማለሁ፤ ደባርቅ የገባሁት ከአንድ ቀን በፊት ስለሆነ ወገቤ ገና ከአውቶቡሱ አልወረደም።

አክስቴ እግሯን አላነሳችም። ወደ ታች አየች። ወደ ምናሉ አየች። «ሠላሳ ዓመት ቆሜበታለሁ፤ አንድ ቀን ነክሶኝ አያውቅም» አለችና በሳህን የያዘችውን እጣቢ ከጫማው አጠገብ ደፋችው። ምናሉ ዘለለ። ድንጋዩ ባለበት ቆየ።

፠

ሰው ትልቅ ዘመድ ይወዳል። ይህን የምትጠራጠሩ ካላችሁ ባለሥልጣን የሞተ ዕለት ለቅሶ ቤቱ ሂዱና ሟቹ ስንት የአጎት ልጅ እንደነበረው ተመልከቱ። ከተማም እንደ ሰው ናት፤ የምታሳየው ትልቅ ነገር ትፈልጋለች። ጎንደር ግንብ አላት። ደባርቅ ጭላዳ አላት። ጭላዳ መጥፎ እንስሳ አይደለም፤ ፀጉሩ እንደ ካባ የሚወርድ፣ ቁርና ገደል የማይፈራ ነው። ግን ሣሩን ይግጣል፣ ጀርባውን ይሰጣል፣ ካሜራ ሲያይ ያዛጋል። ዋልያውም ቢሆን ከሩቅ ቀንዱን አሳይቶ ገደል ውስጥ የሚገባ ኩሩ ነው። ሁለቱም ለእንግዳ ግድ የላቸውም።

ዳይኖሰር ሌላ ነው። ዳይኖሰር የሞተ ነው። የሞተ ነገር አያኮርፍም፣ አይሸሽም፣ ዛሬ አልታይም አይልም። ሥራ የፈታ አስጎብኚ ዳይኖሰር ቢመኝ አይፈረድበትም።

ምናሉ ሥራ የፈታ አስጎብኚ ነው። የአስጎብኚነት ፈቃዱን በላስቲክ አስለብዶ ደረቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ የሚመራው ሰው ኖረም አልኖረም ያንጠለጥላል። መንገዱ አንድ ሰሞን ክፍት አንድ ሰሞን ዝግ ከሆነ ወዲህ እንግዳ ስለጠፋ፣ ራሱን ይዞ ጭላዳዎቹ ወደሚውሉበት ወደ ቡይት ራስ ይወጣል፣ ራሱን አስጎብኝቶ ይመለሳል። ለጭላዳዎቹ ስለ ጭላዳ በእንግሊዝኛ ሲያብራራላቸው አየነው የሚሉ አሉ። እኔ አላየሁም። ግን ቋንቋ ካልተናገሩት ይዝጋልና አልፈርድበትም።

፠

የነገሩ ሥር ዳይኖሰሩ አይደለም። የነገሩ ሥር አስካል ናት።

አስካል የአክስቴ አንድ ልጅ ናት፤ ዳባት ታስተምራለች፤ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በሚኒባስ ትመጣለች፤ ሰኞ በጠዋት ትመለሳለች። ምናሉ ባለፈው ጥር ሽማግሌ ልኮ ጠይቋታል። አስካልን ራሷን የጠየቃት ማን ነው ብትሉኝ፣ ቀድሞ የጠየቃት ምናሉ ነው፤ መልሷን ስለሚያውቅ ነው ሽማግሌ የላከው። የቀረችው እናት ነበረች። እናት ደግሞ ሽማግሌዎቹን በደንብ አድምጣ ስታበቃ ልጁ መልካም ልጅ መሆኑን እንደማትክድ፣ ሰው የሚመራ መሆኑንም እንደሰማች፣ እሱን የሚመራውን ግን እንዳላየች ነገረቻቸው። ቋሚ ሥራ ይያዝና ይምጣ። ነገሩ በዚህ አደረ።

ምናሉም ሥራ ፍለጋ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ ከርሞ፣ አንድ ቀን ዓይኑ ደክሞት ወደ መሬት ሲወርድ ድንጋዩ ላይ አረፈ።

ድንጋዩን ልንገራችሁ። የአክስቴ በር ሥር የተነጠፈ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚረግጠው ቀላ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በአንደኛው ጎኑ ላይ ከአንድ ጎድጓዳ ተነስተው እንደ ጣት የተዘረጉ ሦስት ቦዮች አሉ። መካከለኛው ረዘም ይላል። ባጠቃላይ የአንድ ትልቅ ሰው ጫማ ያህላል። ዶሮ የረገጠችው ይመስላችኋል፤ ዶሮዋ ግን በሬ የምታህል መሆን አለባት።

ምናሉ ተንበረከከ። ፈቃዱን ከአንገቱ አውጥቶ ለመጠን ማሳያ አጠገቡ አስቀመጠና በስልኩ ፎቶ አነሳው። ፎቶውን ለሚመለከተው ቢሮ ላከ። የሚመለከተው ቢሮ ብዙ ጊዜ የሚመለከተው ነገር ስለሌለው በጣም ደስ አለው። ድንጋዩ ወደ ቢሮው ግቢ እንደሚመጣ፣ ቆርቆሮ ለባሽ ክፍል እንደሚሠራለት፣ ሰሌዳ እንደሚሰቀልለት፣ ምናሉም ቋሚ ጠባቂ ሆኖ እንደሚቀጠር ተነገረው። ሁለት ነገር ብቻ ቀረ። አንደኛው ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው ድንጋዩ ከአክስቴ ደጃፍ መነሳት አለበት፤ ለሚመጣው ሰኞ መኪና ተይዞለታል።

ነገሩ ገብቷችኋል? ልጅቷን ለማግኘት ሥራ ያስፈልገዋል። ሥራውን ለማግኘት የልጅቷን እናት ደፍ መንቀል አለበት። አማች ሊሆን የመጣ ሰው የቤቱን መግቢያ ተሸክሞ ሲሄድ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

፠

ባለሙያው እኔ ነኝ።

አትሳቁ። ለልጆች የሚሆን የዳይኖሰር መጽሐፍ አለኝ። ሃያ አራት ገጽ ነው፤ አብዛኛው ሥዕል ነው፤ ጽሑፉ የእኔ ነው። ለአስካል ትምህርት ቤት ይሆናል ብዬ አንድ ልኬላት ነበር፤ ምናሉ ተውሶ ሳይመልስ ቀረ። ደባርቅ ስደርስ መጽሐፌን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ጠበቀኝ፤ ለቢሮውም ባለሙያ ብሎ የጠቆመኝ እሱ ነው።

የማውቀውን ላካፍላችሁ፤ ብዙ አይደለም። አጥንት ብዙ ይናገራል፤ ሁሉን ግን አይናገርም። ጥርሱ እንደ ቢላ ስለት ከሆነ፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ከተነከሰ ሥጋ በል ነበር ትላላችሁ፤ ቅጠል የመሰለ ወይም የተድቦለቦለ ከሆነ ሣር ቅጠል ነበር የሚበላው። አጥንቱ ላይ ጡንቻ የተያያዘበት ሻካራ ቦታ ካለ ጉልበቱን ትገምታላችሁ። ሬሳው ሳይበሰብስ ጭቃ ላይ ተጋድሞ ከነበረ ቆዳው ጭቃው ላይ ታትሞ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ቅርፊት እንደነበረው ታያላችሁ። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ዱቄት በላመ ደለል ተቀብሮ ስለተገኘ ላባው ሳይቀር ይታያል። አዎ፣ ላባ። ያ ሁሉ ሰው ሲፈራው የኖረው አውሬ ከፊሉ ላባ ለባሽ ነበር፤ ዛሬ በግቢያችን የምትጭረው ዶሮ ከዚያ ዘር ናት።

ቀለሙ ነው ችግሩ። በጥቂቶቹ ላባ ላይ ጥቃቅን የቀለም ቅንጣት ስለቀረ ይሄ ጥቁር፣ ይሄ ቀላ ያለ ነበር ማለት ይቻላል። ለቀሩት ቀለሙን የሚሰጣቸው የሠዓሊ ድፍረት ነው። የእኔ ሠዓሊ ሁሉንም አረንጓዴ ቀባቸው። ለምን ስለው አዞ አረንጓዴ ስለሆነ ነው አለኝ። አዞ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር «ምናልባት» የሚል ቃል እንዲገባ ተስማማን። ከመጽሐፌ ውስጥ የምኮራበት ቃል ያ ነው።

ዱካ ግን ከአጥንት ይለያል። አጥንት የሞተ ነገር ነው፤ ያውም ጎርፍ ከሞተበት ወዲያ ወስዶት ሊሆን ይችላል። ዱካ የሕያው ነው፤ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሰዓት ላይ እግሩን ያሳረፈ አንድ እንስሳ ነው። ዱካው ተከታትሎ ሲገኝ የእርምጃው ርዝመት ይታወቃል፣ ይሮጥ ወይም ይንሸራሸር እንደነበር ይታወቃል፣ ብቻውን ወይም ከመንጋው ጋር መሆኑ ይታወቃል። የድሮ ሥዕሎች ጅራቱን መሬት ለመሬት ያስጎትቱት ነበር። ዱካው ተገኝቶ ሲታይ ግን ከኋላው የጅራት መስመር የሌለው ብዙ ሆነ። ጅራቱን ወደ ኋላ ቀጥ አድርጎ ተሸክሞ ነበር የሚሄደው፤ እኛ ነን ያስጎተትነው።

የት የት ኖረ ብትሉ፣ የት ያልኖረ አለ? ያን ጊዜ የብሱ ገና እንዲህ አልተበታተነም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሲለያይም እንስሳቱን ተሸክሞ ነው የተለያየው። ዛሬ በረዶ በዋጠው በምድር ደቡባዊ ጫፍ ሳይቀር አጥንቱ ወጥቷል። በእኛም አገር በዓባይ ሸለቆ ድንጋይ ውስጥ ጥርሱ ተገኝቷል።

የስሜን ተራራ ግን ገና ልጅ ነው። ያ ሁሉ ገደል፣ ያ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ከምድር ውስጥ እሳት ሆኖ የፈሰሰው ዳይኖሰሮቹ ካለቁ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ነው። ዳይኖሰር ስሜንን አላየም። ስላመለጠው አዝናለሁ።

ይህንኑ ለምናሉ ነገርኩት። ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ይሄ ድንጋይ የስሜን አይደለም አለኝ፤ ቀይ ነው፣ ሲነኩት አሸዋ ይላል። የአስካል አባት ነፍሱን ይማረውና የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር፣ ቤቱን ሲሠራ ከቆላው፣ ከአዲ አርቃይ በኩል ጭኖ ያመጣው ነው። እዚያ ታች ደግሞ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ያለው የጥንቱ ድንጋይ ብቅ ይላል። «መጽሐፍህ ገጽ አሥራ ስድስት ላይ አለ» አለኝ።

ገለጥኩ። አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ምናልባት» አልኩት።

፠

አክስቴ ለዳይኖሰር ጥላቻ የላትም። እንዲያውም ምሳ እየበላን ሳለ ጠየቀችኝ፤ ጥያቄዎቿም ቀላል አልነበሩም።

«ሰኮናው ስንጥቅ ነው?»

ሰኮና የለውም፣ ጣት ነው ያለው አልኳት።

«ያመሰኳል?»

የሚያመሰኳ አይመስለኝም አልኳት። ሣር በሎቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ ሳያኝኩ የሚውጡ ነበሩ።

ራሷን ነቀነቀች። ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማያመሰኳ ነገር በእሷ ዘንድ የትኛው ወገን እንደሚመደብ ግልጽ ነበር። «ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር እኔ ደጃፍ ምን ሊሠራ መጣ?» አለች። ነገሩን ላለዝብ ብዬ ዶሮም ዘመዱ መሆኗን ነገርኳት። በበሩ በኩል ዶሮዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። ዶሮዋም የተመለከተቻት መሰለኝ።

«እሷስ እንቁላል ትሰጣለች» አለች በመጨረሻ፤ በዚህም ዶሮዋ ከዘመዶቿ ኃጢአት ነጻ ወጣች።

፠

ረቡዕ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ አክስቴ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ የሽንኩርት ቢላዋን ትስላለች። ውሃ ጠብ ታደርጋለች፤ ትስላለች፤ ጠብ ታደርጋለች። ቢላው የሚመላለሰው በዳይኖሰሩ መካከለኛ ጣት ውስጥ ነው። ልክክ ብሎ ይገባል።

ፎጣዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ምን ይገትርሃል?» አለች ቀና ሳትል። ከዚያ በቢላው ጫፍ እያሳየች በዝግታ ታስረዳኝ ጀመር። ቅርጫ በእሷ ግቢ ነበር የሚታረደው። በየበዓሉ በሬው ከመጣሉ በፊት ወንዶቹ እዚህ ደፍ ዙሪያ ተቀምጠው ቢላ ይስላሉ። አሸዋማ ድንጋይ ስለሆነ ስለት ያወጣል፤ ባሏም ከዚያ ድረስ ጭኖ ያመጣው ለዚሁ ነበር። ጎድጓዳው ውሃ የሚያቁሩበት ነው። ይሄ በግራ ያለው የባሏ ነው፤ ግራኝ ስለነበር ሁልጊዜ በዚያ ወገን ይቀመጣል። ረጅሙ የጎረቤታቸው ነው፤ ሰውየው ቢላ የሚስለው ለቢላው ብሎ አልነበረም፣ ለወሬው ነው፣ ወሬው ካላለቀ እጁ አያርፍም። በቀኝ ያለው የባሏ ወንድም ነው። በዓመት አንዴ፣ ለፋሲካ ብቻ ነው የሚመጣው፤ እይ ጥልቀቱን፣ አንዲት ጠብታ አይዝም።

ቁጭ አልኩ። በሃያ አራት ገጽ ያልቻልኩትን በአንድ የሽንኩርት ቢላ ጨረሰችው፤ ማን እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደተቀመጠ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ፣ ጠባዩ ሳይቀር። ከድንጋይ ላይ ይህን ያህል ማንበብ የቻለ ባለሙያ ቢኖር ስሙ በየመጽሐፉ ይጠቀስ ነበር። እሷ ጋ ሽንኩርት ይቆረጥበታል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። «ሁሉም እየመጣ ነገረኝ እንጂ አንድ ሰው ምንድነው ብሎ አልጠየቀኝም።»

እውነቷን ነው። እኔም አልጠየቅኋትም። ሰኮናውን የጠየቀችው እሷ ናት።

አሁንስ ለምን አትነግሪውም አልኳት። ቢላዋን በአውራ ጣቷ ሞከረችው።

«አሁን ልጁን እያየሁት ነው። አንተም አፍህን ያዝ።»

፠

አፌን ያዝኩ። እጄን ግን አልያዝኩም።

ሐሙስ ዕለት ቢሮ ተጠራሁ። ወንበር ተሳበልኝ፤ የታሸገ ውሃ ተከፈተልኝ። ደብዳቤው ተተይቦ አልቋል፤ እኔ የሚቀረኝ መፈረም ብቻ ነው። «የዳይኖሰር ዱካ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። በመስኮቱ በኩል ምናሉ ይታየኛል፤ ከግንቡ ጥግ ቆሞ የአንዱን እግር ጫማ በሌላኛው እግር ሱሪ ይወለውላል። ደግሞ አንዱን። ደግሞ ሌላውን።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ልጁ ይቀጠራል። አስካል ታገባለች። ለመጣው እንግዳ የሚታይ ነገር ይገኛል። የሚዋሽበት ነገር ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ስሙ አይጠፋም፣ ክስ አይመሠርትም። ለሰው በጎ ለማድረግ የሚዋሽ ሰው ውሸቱ በጣም ቅን መስሎ ይታየዋል። ብቻ ሙያዬን ላለማዋረድ ብዬ ብዕሩን ተቀብዬ አንዲት ቃል ጨመርኩ።

«ምናልባት አረጋግጣለሁ።»

ኃላፊው አነበበው። የባለሙያ አጻጻፍ መሆኑን አድንቆ ማኅተም መታበት።

፠

ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ መጡ። የግንቦት ዝናብ ጠዋት ጥሎ ስላባራ ግቢው ጭቃ ነው። ሦስት ናቸው፤ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ዱላቸውን እየተከሉ ገቡ። ምናሉ ከኋላቸው ነው። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ተቀመጡ አለቻቸው፤ እነሱም እንደ ወጉ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አስካል ቤት ውስጥ ናት። ከዓርብ ጀምሮ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ሦስት ጊዜ ታጥቧል።

የሽማግሌዎቹ መሪ አያ ደምሌ ናቸው፤ የምናሉ አባት ታላቅ ወንድም። ጃናሞራ በነበሩበት ዘመን የጠፋ ከብት ዱካ ሲከተሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያላዩትን አየሁ ብለው አያውቁም ይባልላቸዋል፤ እሳቸው «በዚህ ሄዷል» ካሉ ዳኛው ሌላ ምስክር አይጠራም ነበር። ምናሉም ለዚህ ነው ያመጣቸው ብዬ ገመትኩ። በወረቀት እኔ፣ በአፍ እሳቸው። ከዚህ በኋላ ማን ይከራከራል?

አያ ደምሌ ግን ነገሩን ከመጀመራቸው በፊት ዓይናቸው ደፉ ላይ ወደቀ። ከተማው ሁሉ ሳምንቱን ሲያወራለት የሰነበተው ድንጋይ ነው። ኮፍያቸውን አወለቁ። በዱላቸው ተደግፈው ተንበረከኩ። በጋቢያቸው ጫፍ ውሃውን ጠረጉና ጣታቸውን በቦዩ ውስጥ አንሸራተቱ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ።

«ሁለተኛው እግሩ የታለ?» አሉ።

የድንጋዩን ዳርና ዳር በስንዝር ለኩ።

«ይሁን፤ ድንጋዩ ጠቦበት ነው እንበል። እንስሳ ጭቃ ሲረግጥ ጭቃው ወደ ጎን ይሸሻል፤ ዙሪያውን ከንፈር ያወጣል። ይሄ ከንፈር የለውም። ይሄ የተረገጠ አይደለም፣ የተፋቀ ነው።» ጣታቸውን አሸተቱ። «ብረት ነው። ቢላ ተስሎበታል።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰማዩን ማየት ጀመሩ፤ ደመናው የጠፋባቸው ይመስላሉ። ለወንድማቸው ልጅ ሊማልዱ የመጡ ሰው፣ አንዲት የምልጃ ቃል ሳይናገሩ ልጁን ከሥራ አባረሩት።

አክስቴ አያ ደምሌን አላየችም፣ ድንጋዩንም አላየችም። ምናሉን ነው የምታየው።

ምናሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «አውቃለሁ፣ አያ። ትናንት ውሃ ይዤ ስመጣ እትዬ ቢላ ሲስሉ አየሁ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። ረቡዕ የተሳለ የሽንኩርት ቢላ ለዓርብ አይደነዝዝም። ምናሉ ማታ ማታ ለአክስቴ ውሃ ይዞ የሚመጣበት ሰዓት ደግሞ ይታወቃል።

«ወዲያው ለቢሮው ኃላፊ ደወልኩ» አለ ምናሉ። «ተሳስቻለሁ፣ የቢላ መሳያ ነው፣ ድንጋዩም አይነሳ፣ ሥራውም ይቅር አልኳቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉህ?» አለች አክስቴ።

«እምቢ አሉኝ። ባለሙያው ፈርሟል አሉ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ምናሉ፣ አክስቴ። ተራ በተራ ነው የዞሩት፤ የአክስቴ መዞር የመጨረሻው ነበር፣ የከፋውም እሱ ነበር።

«‹ምናልባት› ብያለሁ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም፤ ወይም ሁሉም ሰምቶኛል።

፠

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መሰለ። ሰውየው ሥራ የለውም። ሊኖረው የነበረውን ሥራ በገዛ ስልኩ መልሷል። እናትየዋ ደግሞ ቋሚ ሥራ ብላለች፤ የተናገረችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢውን ማጣፋት ጀመረ። ምናሉ የግቢውን በር አየ። ቤት ውስጥ ዕቃ ማጠቡ ቆሟል።

አያ ደምሌ ግን ከተንበረከኩበት ሲነሱ ፊታቸውን ወደ ግቢው መሬት አዞሩ። ጭቃውን ተከትለው እስከ አጥሩ በር ሄዱ። ተመለሱ። ሌላ መስመር ይዘው ደግሞ ሄዱ። ስንመለከታቸው ቆየን። ሲመለሱ ዱላቸውን አክስቴ ፊት ለፊት ተከሉ።

«የሺ፣ የአባቶቻችንን ሥርዓት ታውቂያለሽ። ከብት ሲጠፋ ዱካው ይመራናል። ዱካው አንድ መንደር ከገባ የዚያ መንደር ሰው ተቀብሎ መውጫውን ያሳያል። መውጫውን ካላሳየ ከብቱ እሱ ዘንድ ነው፤ ይከፍላል።»

«አውቃለሁ፣ አያ።»

«ይኸውልሽ የዚህ ልጅ ዱካ ነው። ቀኝ ተረከዙ በውጭ በኩል አልቋል፤ አይጠፋኝም። ይሄ የዛሬ ነው። ይሄ የትናንት ነው፣ ዝናብ ነክቶታል። አጥሩ ሥር ያለው የደረቀው ያለፈው ሰንበት ነው። ጎረቤት ጠይቄ ነው የመጣሁ፤ ከጥር ጀምሮ አንድ ምሽት አልቀረም አሉኝ፤ ልጅቷ ዳባት ባለችበት ቀን ሳይቀር። ሲገባ ተረከዙ ይሰምጣል፤ ሸክም አለው፤ ውሃሽን ተሸክሞ ነው።»

አክስቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«መውጫውን ፈለግሁ። መውጣቱንስ ይወጣል። ግን በየሦስት እርምጃው ይቆማል፣ ወደ ቤቱ ይዞራል፣ ደግሞ ይሄዳል። እኔ ዕድሜዬን ዱካ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ወጣ አንለውም።» ዱላቸውን ነቀሉ። «እንግዲህ ወይ አስወጪው፣ ወይ ክፈዪ።»

ከበሩ ጀርባ ክዳን የመሰለ ነገር ወድቆ ለረጅም ጊዜ ተንከባለለ።

አክስቴ ጭቃውን ተመለከተችው። ከአጥሩ በር እስከ ደፉ፣ ከደፉ እስከ አጥሩ በር፣ ዓይኗ በየሦስት እርምጃው እየቆመ ሄደ፣ ተመለሰ። ምናሉ የገዛ እግሩን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ አንዱን አነሳ፣ ዱካ እንዳይጨምር ፈርቶ መልሶ እዚያው አስቀመጠው።

«ወለሉን ዛሬ ጠዋት ለቅልቄዋለሁ» አለች። «ጫማችሁን አውልቁና ግቡ።»

አያ ደምሌ የጎማ ጫማቸውን በዱላቸው ጫፍ አወለቁና ቀድመው ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከተሉ። ምናሉ የጫማውን ክር ሳይፈታ ነቅሎ ጣለው፤ አንዱ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ በልማድ ሳይረግጠው ተሻግሮ ገባ።

እኔም ጎንበስ አልኩ። የከተማ ጫማ ክሩ ብዙ ነው። አንዱን ፈትቼ ሁለተኛውን ስይዝ አክስቴ በሩን እንደያዘች አየችኝ።

«አንተ» አለች፣ «መጀመሪያ ያን ፊርማህን ይዘህ ና።»

ዛሬ ቅዳሜ መሆኑን፣ ቢሮው እስከ ሰኞ ዝግ መሆኑን ልነግራት ቀና ስል በሩ ተዘጋ።